የመጀመሪያው ቁራሽ የማን ነው

ፌብሩወሪ 12

ከጉንፋኑ ተነስቼ ዛሬ ሥራ ገባሁ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ብራይስ ቢሮው አስጠራኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ከትልቅ ሱፐርማርኬት የመጣ፣ ትሑት፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብለጨልጭ ልጅ። በቨርሞንት በረዶ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ደግሞ እኔ አላምንም።

«ቬርና፣ እንኳን ተሻለዎት» አለና አንድ ሥዕል ፊቴ ዘረጋ። የሱቃችን ሥዕል ነው። የእኔ የቺዝ ባንኮኒ በነበረበት ቦታ ላይ የመስታወት በር ያለው ረጅም ማቀዝቀዣ ተስሏል።

«እኔ የት ነኝ?» አልኩት።

«እርስዎማ አይሄዱም። ሒሳብ መቀበያው ጋ ሊሆን ይችላል። ወንበርም አለው።»

ወንበር! ቺዙ ከእንግዲህ ከፋብሪካ ተቆራርጦ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል አለ። አባላት ደግሞ ቀምሰው የመግዛት መብታቸው ቀርቶ የነጥብ ካርድ ይሰጣቸዋል። ይህ ማኅበር የአባላቱ ንብረት መሆኑን ነገርኩት። አባል የሆነ ሰው ሁሉ ተራ ገብቶ ሱቁ ውስጥ ይሠራል፤ ዱቄት ይመዝናል፣ መደርደሪያ ይወለውላል። በምላሹ ከሚያገኘው ጥቅም ሁሉ የሚወደደው እኔ ጋ ነው ያለው፤ ክቡን ቺዝ ከፊቱ እቆርጣለሁ፣ ቁራሽ በቢላዋ ጫፍ እሰጠዋለሁ፣ ካልወደደው እምቢ ብሎ ይሄዳል። ማንም አይቆጣውም። እኔ እቆጣዋለሁ፤ ግን በልቤ ነው።

«ይገባኛል» አለ ብራይስ። «ለዚህ ነው በኤፕሪል መጨረሻ በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ የሚሰጥበት።»

ይሰጥበት። ጉንፋኑ ጉልበቴን ወሰደው እንጂ ምላሴን አልወሰደውም።

የሠራተኞቹ ክፍል ቡና የሞቀ ውኃ ሆኗል። ርካሹን መግዛት ጀምሮ መሆን አለበት።


ፌብሩወሪ 15

ሆሊስ ዋድሊ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ጮኸብኝ። ጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር። የልጆቹን ጫጫታ ለማሸነፍ የለመደው ጩኸት እስካሁን አልለቀቀውም።

«ቬርና! ስካንክሽ ተመልሷል! መስኮት መክፈት አልቻልንም እኮ!»

በየዓመቱ በዚህ ወር አንድ ስካንክ፣ ድመት የሚያክል ጥቁርና ነጭ አውሬ፣ በረንዳዬ ሥር ይገባል፤ ጅራቱን አቁሞ ክፉ ሽታውን ሲረጭ ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል። ዘንድሮ ግን አልመጣም። ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆሜ አረጋገጥኩ። ምንም የለም። ሽማግሌው የሚያማርርበት ሲያጣ ይፈጥራል።


ፌብሩወሪ 19

ዘንድሮ ቺዙ ሁሉ ደነዘዘ። ላሞቹ ምን እንደሚበሉ እንጃ። ባለሻጋታውን ሰማያዊ ቺዝ የሚያመጣልንን ገበሬ ደውዬ «ምነው ውኃ አደረግከው?» ብለው ተቆጣ። «በሕይወቴ እንዲህ ኃይለኛ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም» አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ከሰዓት ሆሊስ ያንኑ ቺዝ ቀመሰና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይሄ ሰው ይገድላል» አለ። ማርጀት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል።


ፌብሩወሪ 26

ዘዴ አገኘሁ!

ዛሬ ባንኮኒዬ ፊት ለቆመ ሰው ሁሉ ቁራሽ እየሰጠሁ እንደ ወትሮው «ይሄ ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ያ ቅቤ ቅቤ ይላል» ማለቴን ትቼ፣ «ምን ቀመስክ? ምን ቀመስሽ?» ብዬ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ አንዷ «የአያቴ ምድር ቤት ይሸታል» አለች። ሌላው «የተቃጠለ ስኳር አለው» አለ። አንዱ በሌላው ላይ ሳቀ፤ ተከራከሩ፤ ሰልፉ እስከ እንቁላሉ መደርደሪያ ደረሰ። እኔ የሰማሁትን እይዝና ለሚቀጥለው ሰው እነግረዋለሁ።

ይህ የትግል ስልት ነው። አባላት መብታቸውን እንዲያውቁ፣ ሲወሰድባቸው እንዲሰማቸው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

አንዲት ሴትዮ ግን ስትሄድ ፈገግ ብላ፣ «ቬርና፣ ስንት ዘመን ስመላለስ ጠይቀሽኝ አታውቂም እኮ። ሁልጊዜ የምትነግሪን አንቺ ነበርሽ» አለችኝ። ምን ማለቷ ነው? አዋቂ ስለሆንኩ ነበር የምነግራቸው። ይህ ነገር ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ።


ማርች 5

ሰልፍ። ሰልፍ። ምሳ አልበላሁም። ብራይስ በስልኩ ቪዲዮ አነሳን።

«ይሄ ድንቅ ነው። ስም እንስጠው?»

«ስም አለው። መቅመስ ይባላል።»


ማርች 15

እሑድ ነው፤ ጊዜ አለኝ።

ኮሪን ላቨሪ ጋ ሄጄ ነበር። ፍየሎቿ መውለድ ጀምረዋል። መንገዱ ቀልጦ ጭቃ ሆኗል፤ መኪናዬ ከበሯ ሳይደርስ ሰመጠ፤ በትራክተር ጎትታ አወጣችኝ። «በዚህ ወቅት ማንም ጤነኛ ሰው ወደኔ አይመጣም» አለች። «ጤነኛ ነኝ ያለሽ ማነው?» አልኳት። ሳቅን።

ኮሪን ጓደኛዬ ናት። የፍየል አይቧን የምትሸጠው በእኔ ባንኮኒ ብቻ ነው። በፕላስቲክ የታሸገው ከመጣ ለእሷ ቦታ የለም፤ ፋብሪካ አይደለችም፤ ሁለት እጅ ያላት ሴት ናት። ፍየሎቹን ትሸጣለች ማለት ነው። እሷ አላለችውም፤ እኔም አላነሳሁትም። የተወለዱትን ጠቦቶች አየን።

የዓመቱ የመጀመሪያው ለጋ አይብ የሷ ነው። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ጠቅላላ ጉባኤ የሚከፈተው በዚያ አይብ ነው። ባለባንኮኒዋ ሰው ሁሉ እያያት የመጀመሪያውን ቁራሽ ትነክሳለች፤ ምን እንደሚል ትናገራለች፤ ከዚያ ሳሕኑ ይዞራል፤ ሰብሳቢውም ስብሰባውን ይከፍታል። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴትዮ ስታረጅ ቢላዋውን ሰጠችኝ። ባንኮኒው የማን እንደሚሆን እንዲህ ነው የሚታወቀው።

ከኮሪን ወጥተን ከጎረቤቷ የሜፕል ማፍያ ጎጆ ገባን፤ ከዛፉ የሚቀዳው ጣፋጭ ውኃ ሽሮፕ እስኪሆን የሚፈላበት ነው። ፈሳሹ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ጣሪያውን ሞልቶታል። ሁሉም እንደገባ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ይስብና «አህህ» ይላል። እኔም አብሬ «አህህ» አልኩ።

ተመልሰን ሻይ አፈላች። ወተት ምድጃው ላይ ጥዳ ወደ ጋጣው ወጣች፤ እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ መጽሔት አነብ ነበር። በሩን በርግዳ ገባች። «ቬርና! ቤቱ ጢስ ብቻ ሆኗል እኮ!» ወተቱ አርሮ ድስቱ ጠቁሯል። ምን አደረግሽ አላለችኝም። መስኮቱን እየከፈተች አየችኝ።

መጽሔቱ ጥሩ ስለነበር ነው።


ማርች 24

የዓመት ምርመራዬ ነበር። ሐኪሙ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፣ ስለ ጉልበቴ መለስኩ። ስለ ደም ግፊቴ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ሌላ አልጠየቀኝም። ያልተጠየቅኩትን የምቀባጥር ሴት አይደለሁም።


ኤፕሪል 2

ክብደት እየቀነስኩ ነው መሰለኝ፤ ቀሚሱ ሰፋኝ። ምግብ አላሰኘኝም። ዘንድሮ ሁሉም ነገር ካርቶን ካርቶን ይላል። ቢል እንኳ ጥሩ ነበር።

የጻፍኩትን አየሁት። ይቅር፤ አልሰርዘውም።


ኤፕሪል 16

ደረሰ! ኮሪን የመጀመሪያውን አይብ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች። ነጭ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ገና ውኃው ያልተንጠፈጠፈ። ለሳምንቱ ሽያጭ ነው፤ የጉባኤው ሌላ ይሠራል።

«ቅመሺውና ንገሪኝ» አለች። «የኔን አፍ ሰሞኑን አላምነውም። ጫካው የዱር ነጭ ሽንኩርቱን አውጥቷል፤ ማታ ማታ እሱን ነው የምበላው። ሌላ ነገር አይሰማኝም።»

እዚህ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው። በረዶው እንደቀለጠ ያንን ቅጠል ሲበላ ይከርማል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይቀር ሰው ፊቱን አዙሮ ነው የሚጨባበጠው።

ቀመስኩ። ኮሪን አፌን ትመለከታለች።

«ንጹሕ ነው» አልኩ። «ሎሚ ሎሚ ይላል።»

በየዓመቱ የምለው ነው። በየዓመቱ እውነት ስለሆነ ነው የምለው። ትከሻዋ ወረድ አለ፤ አቀፈችኝ። ቁርጥ ቁርጥ አድርጌ ሸጥኩት። ሱቁ ሳይዘጋ አለቀ። ዛሬ ሰው ስለበዛ «ምን ቀመስክ?» ለማለት ጊዜ አልነበረም። ለጋ አይብ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው።


ኤፕሪል 18

ጉድ ሆንኩ።

ሆሊስ ሱቁ በሰው በተሞላበት ሰዓት መጣ። አይቡን በሳሕን ይዟል፤ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠው።

«ዊኒ ጠዋት ዳቦ ላይ ቀብታ፣ ከላዩ የእንጆሪ ማርማላታ አድርጋ ሰጠችኝ።»

«እና?»

«ነጭ ሽንኩርት ነዋ! ነጭ ሽንኩርት ከእንጆሪ ጋር! ሚስቴ ልትገላገለኝ የወሰነች መስሎኝ ነበር!»

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

«ቢላዋው ይሆናላ! ዊኒ ነጭ ሽንኩርት ከትፋበት ሳታጥበው...»

«ዊኒ ነጭ ሽንኩርት ከደጃፍ አታሳልፍም። ስንት ጊዜ ከኛ ጋር በልተሻል፤ ታውቂያለሽ።»

ከኋላ አንዷ «የኛም እንደዚያ ነበር፤ ማማረር ደስ ስላላለኝ ነው እንጂ» አለች። ሌላም ሰው እንዲሁ አለ። ብራይስ ከቢሮው ወጥቶ በጣቱ ጫፍ ነክቶ ቀመሰ። ጣቱን በናፕኪን ጠርጎ ናፕኪኑን አጥፎ አስቀመጠ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ገዝተው የነበሩት ሁሉ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው።

እኔ አፌን ሞልቼ «ሎሚ ሎሚ ይላል» ያልኩት ነው እኮ! እየደጋገምኩ! ለእያንዳንዳቸው!

የተመለሰውን የሆሊስን አይብ ቤት አመጣሁት። ፍሪጅ ውስጥ አለ።


ኤፕሪል 19

ኮሪን መጣች። ቦት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥ ቤቴ መሐል ቆመች። አጥሯ በጭቃው ወድቆ ፍየሎቹ ጫካ ገብተው ኖሯል፤ ያንን ቅጠል ሙልጭ አድርገው ግጠውታል። የሳምንቱን ወተት በሙሉ ደፋችው።

«እኔ አልሰማሁትም፤ የኔ አፍ ያው ነው፣ ነግሬሻለሁ» አለች። «ያንቺን አፍ ግን ከራሴ አፍ አብልጬ ነበር የማምነው።»

«ተሳሳትኩ። ሰው አይሳሳትም?»

«አንቺ? ነጭ ሽንኩርት?»

ከዚያ አየር ሳብ አደረገችና አፍንጫዋን ያዘች። «ስካንክሽ እዚሁ ወለሉ ሥር ነው። እንዴት ነው ቁጭ ብለሽ የምትበይው?»

«አልመጣም ዘንድሮ።»

እጇን ከአፍንጫዋ አወረደች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «መቼ ነው የጀመረሽ፣ ቬርና?»

«ሻይ ትጠጫለሽ?» አልኳት።

አልጠጣችም። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች፤ ብትወረውረው ይሻል ነበር። ሰው ሁሉ ሰሞኑን ለኔ ነገር በቀስታ ሆኗል።

ማታ። የቅመም መሳቢያውን ገለበጥኩት። ቀረፋ። ቅርንፉድ። ሚጥሚጣ የመሰለው የሜክሲኮ በርበሬ። እያንዳንዱን ብልቃጥ ከፍቼ ከአፍንጫዬ አስጠጋሁ። ኮምጣጤው ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ማቃጠል ማሽተት አለመሆኑ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ ውጪ ወጥቼ በረንዳው ላይ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ጭንቅላቴን ወደ ስንጥቁ አስጠግቼ ሳብኩ። እዚያ ታች የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ጥፍሩን ሰማሁት። ሌላ ምንም የለም። ፊት ለፊቱ ሆኜ ምንም።

ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ብልቃጦቹን በየቦታቸው መለስኩ።

ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት። እኔ አፌ ነኝ። አፌ ከሌለ የቀረው ምንድነው፣ ቢላዋ የያዘች አሮጊት?


ኤፕሪል 22

መጋዘኑ ውስጥ ዱቄት ስፈልግ በግድግዳው በኩል ብራይስን ሰማሁት። ከአንድ የቦርድ አባል ጋር ነው። «ጨርሳለች» አለ ሰውየው። «ያሳዝናል፤ ግን ጨርሳለች።» ብራይስ «በክብር ብትሰናበት ደስ ይለኛል» አለ።

ከሰዓት ቢሮው ጠራኝ። ዘንድሮ ጉባኤውን በትሪ በተዘጋጀ ቺዝ እንክፈተው፤ እርስዎ እንደ እንግዳ ከፊት ይቀመጡ፤ አበባም እንሰጥዎታለን አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር።

«አበባ ለሬሳ ነው» አልኩት። «ቁራሹን የምነክሰው እኔ ነኝ።»

«ካለፈው ሳምንት በኋላ... ሰው ፊት እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

«ልቸገራ!»

ወጥቼ አንድ ሙሉ ክብ ቺዝ ቆረጥኩ። ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። ሆሊስ ተሰልፎ ነበር፤ ቁራሽ ሰጠሁትና ጠየቅኩት። ስለ ቅርፊቱ አማረረ፣ ስለ ሽታው አማረረ፣ ስለ ድድርናው አማረረ። ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ፤ ያ ሽማግሌ ያለውን ሁሉ ይዤ ቺዙን ራሴ የቀመስኩት ያህል አውቄዋለሁ።


ኤፕሪል 25

ኮሪን በስልክ፦ አጥሩ ታድሷል፤ ፍየሎቹ ድርቆሽ ብቻ ነው የሚበሉት፤ አይቡ ተሠርቷል። «ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያንን ቅጠል ካቆምኩ ቀናት ሆነኝ፤ ግን ከፍርሃት ብዛት አፌ እንጨት ሆኗል። አመጣዋለሁ።»

«አምጪው።»

«ምን ልትዪ ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው።


ኤፕሪል 26

ገና አሁን ገባሁ። ቦቴን አላወለቅኩም። ሳይበርድብኝ ልጻፈው።

የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። የሁሉም ቦት ጭቃ ነው፤ የብራይስ ጫማ ሳይቀር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለቅልቋል። ሳየው ትንሽ ወደድኩት። የማቀዝቀዣው ሥዕል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የኮሪን አይብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እሷ ፊት ለፊቴ፣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሐል አጣብቃ ተቀምጣለች።

ሰብሳቢው «ቬርና» አለ። ተነሳሁ። ቆረጥኩ። ነከስኩ።

ቀዝቃዛ። ለስላሳ። ጨው እንኳ መኖሩን በግምት።

«ንጹሕ ነው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለመውጣት ምንም አይፈልግም፤ አፌን መክፈት ብቻ። አጨብጭበውልኝ እቀመጥ ነበር። ግን ነጭ ሽንኩርት ቢሆንስ? ሎሚ ብዬ ሳሕኑ ቢዞር፣ አዳራሹ ሁሉ ኮሪንን ዞሮ ያያታል። ለእኔ ውሸት የምትጠፋው እሷ ናት።

«ምንም አልቀመስኩም» አልኩ።

ሰው የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «ጉንፋን ከያዘኝ ጀምሮ አይሸተኝም፣ ጣዕምም አላውቅም። ያንን ነጭ ሽንኩርት ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ኮሪን ቅመሺልኝ ብላ ሰጠችኝ፣ እኔ ሳልቀምስ ቀመስኩ አልኳት።»

አንድ ሰው «ውይ!» አለ። ሌላዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ብራይስ ሊደግፈኝ ይመስል ከወንበሩ ተነሳ።

«ቁጭ በል!» አልኩት። «ማንም እንዳያዝንልኝ፤ ገና አልጨረስኩም። ከፌብሩወሪ ጀምሮ በዚያ ባንኮኒ ላይ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። 'ምን ቀመስክ' ስላችሁ ብልጠት መስሏችሁ ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ጭንቀት ነው። ሳላውቅ ነው የጠየቅኳችሁ፤ የነገራችሁኝ ግን ትክክል ነበር። ያልጠየቅኩ ቀን ነው የሳትኩት። ያንን አይብ ማን ያዘው? ሆሊስ ያዘው። ለምን? ነገር ስለሚወድ!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ሆሊስ «እውነት ነው» አለ።

«በፕላስቲክ ታሽጎ ቢሆን ለማን ይጮኽ ነበር? ለማቀዝቀዣው በር? ቅናሽ የትም አለ። ነጥብ የትም አለ። ቀምሶ፣ የሠራችው ሴት በስሟ እየታወቀች፣ የቆረጠችው ፊት ለፊት ቆማ፣ 'ይሄ ልክ አይደለም' ማለት እዚህ ብቻ ነው ያለው። እሱን በካርድ የምትለውጡ ከሆነ ለውጡ፤ እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

ሳሕኑን አንስቼ ወደ ሆሊስ ሄድኩ። ቁራሹን በቢላዋው ጫፍ ሰጠሁት። የመጀመሪያውን። አኘከ። ዓይኑን ጨፈነ። ደግሞ አኘከ። ኮሪን መተንፈስ አቁማለች።

«እህ?» አልኩት።

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ዋጠ። «ሣር አለው» አለ። «ትንሽ ፍየል አለው፤ ደስ የሚል። ነጭ ሽንኩርት የለውም።» ኮሪን ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ግን ጨው ያንሰዋል።»

ኮሪን እጆቿን አወረደች። «ጨው አያንሰውም!»

«ያንሰዋል!»

«ምላስህ ነው ያነሰው፣ አንተ ሽማግሌ!»

ሳሕኑ ዞረ። ያንሰዋል፣ አያንሰውም፣ ሎሚ አለው፣ የለውም፣ እርጎ ነው የሚመስለው፤ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ቢደበድብ የሚሰማው ጠፋ። እኔ ባዶውን ቢላዋ ይዤ መሐል ቆሜ አዳመጥኩ። ሎሚው አለ ያሉት በረከቱ። ደስ አለኝ።

እጅ ሲወጣ ከፊት ስለነበርኩ ሁሉንም አየሁ። ባንኮኒው ይቀራል። ካርዱም ይምጣ ተባለ፤ ይምጣ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ከአባላቱ የሥራ ተራ አንዱ ደግሞ ከእንግዲህ ከእኔ ጎን ቆሞ መቅመስ ይሆናል። «ጨርሳለች» ያለው ሰውዬ እጁን አላወጣም፤ ስሄድ ሰላም አልኩት፣ እንዲቆጨው።

ብራይስ ጭቃውን እያራገፈ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «የቅምሻ ተረኛ እንበለው?» አለ በፍርሃት።

«በለው» አልኩት። «ይሄኛውስ ስም አልነበረውም።»


ኤፕሪል 27

ጠዋት የተመለሰውን የሆሊስን አይብ ከፍሪጅ አወጣሁ። እንዳልጥለው አንድ ነገር ይዞኝ ነበር። ዳቦ ላይ ቀባሁት፤ ከላዩ የእንጆሪ ማርማላታ፤ እንደ ዊኒ አድርጌ። ቆሜ በላሁት። ይቀዘቅዛል። ይለሰልሳል። የእንጆሪዋ ፍሬ ጥርሴ ሥር ቀጭ ትላለች። ሐኪሙ ጋ ደውዬ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ይመለሳል ወይ ብዬ ልጠይቀው ነው። ባይመለስም ሥራ አለኝ።

ሆሊስ በሩን አንኳኳ። የመጀመሪያው ተረኛ እሱ ነው፤ አብረን ልንሄድ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩን አበጥሯል። እንደገባ ፊቱ ተጨማደደ።

«ምንድነው የምትበይው?»

«ቁርስ።»

ሳሕኑን አየ፤ አወቀው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ንገረኝ» አልኩት።

«ከየት ልጀምር?»

«ከፈለግክበት።»

አየር ሳበ። «ነጭ ሽንኩርቱ ከሩቅ ነው የሚቀበልሽ» አለ። ሲጮህ እንጂ እንዲህ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «እርጥብ፣ አረንጓዴ ዓይነት፤ ዝናብ የመታው ጫካ። ከሱ ሥር እንጆሪው፤ ትንሽ የተቃጠለ ስኳር፣ ዊኒ የምትሠራው ዓይነት። ቡናሽ አሯል። መስኮቱ ጋ የቀለጠ መሬት ይሸታል፣ ጭቃው፤ ደስ ይላል። እና ወለሉ ሥር፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ስካንኩ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

«ቀጥል» አልኩት።